ማሽኑ ቆሟል ሲባል፦ ለድሬዳዋ ፋብሪካዎች የማሽን ደህንነት ሥልጠናና የስጋት ግምገማ መመሪያ

በፋብሪካ የሚሰጥ የማሽን ደህንነት ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ማሽኑ በመደበኛው ሁኔታ ሲያመርት ኦፕሬተሩ ሊያደርገው በሚገባው ነገር ላይ ነው። ይሁን እንጂ እጅ ከሚያሳጡትና ሕይወት ከሚያጠፉት አደጋዎች ብዙዎቹ የሚደርሱት ምርት በተቋረጠበት ሰዓት ነው፤ የተቀረቀረ ዕቃ ሲነቀል፣ የፈሰሰ ጥሬ ዕቃ ሲጠረግ፣ ግሪስ ሲሞላ፣ ቺንጋ ሲቀየር፣ ከጥገና በኋላ ማሽኑ ሲሞከር። ይህ መመሪያ በመልካ ጀብዱ ነፃ የንግድ ቀጣናም (በቀድሞው ኢንዱስትሪ ፓርክ) ሆነ በከተማው ነባር የሲሚንቶ፣ የጨርቃ ጨርቅና የምግብ ፋብሪካዎች ለሚሠሩ የደህንነት ኃላፊዎች፣ ፎርማኖችና የጥገና ክፍል ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥልጠናውን ከዚያ ከተቋረጠው ሰዓት እንዲጀምሩ፣ የስጋት ግምገማውንም ከሥልጠናው ሳይለዩ ከሠልጣኞቹ ጋር ማሽኑ አጠገብ ቆመው እንዲሠሩት ለማገዝ ያለመ ነው።

ስለ ሕጉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደገኛነትና ሊወስዱት ስለሚገባ ጥንቃቄ ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኙ የማድረግ፣ የደህንነት ሠራተኛ የመመደብና ኮሚቴ የማቋቋም፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን የማቅረብና አጠቃቀማቸውን የማስተማር፣ የደረሱ አደጋዎችንም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚያ ቀጥለው ያሉት አንቀጾች ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀም፣ የተመለከተውን ጉድለት እንዲያሳውቅ፣ ለደህንነት የተገጠመን መሣሪያ እንዳይነካካና እንዳያነሳ ያስገድዳሉ። አዋጁ ግዴታውን ይናገራል እንጂ በእርስዎ አዳራሽ ውስጥ ያለው የሊጥ ማቡኪያ ወይም የጥጥ ማበጠሪያ ማሽን የትኛው ጎኑ እጅ እንደሚይዝ አይነግርም። ያንን የሚያውቁት በየቀኑ አጠገቡ የሚውሉት ሰዎች ናቸው።

ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ

ግምገማውን የደህንነት ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ለብቻው ከሞላው፣ የሚያገኘው ሰነድ ለተቆጣጣሪ ከመታየት ያለፈ ጥቅም አይኖረውም። ቡድኑ ቢያንስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኦፕሬተር፣ የሚጠግነውን መካኒክና ኤሌክትሪሻን፣ እንዲሁም ሥሩን የሚጠርገውን ሰው መያዝ አለበት። ይህ የመጨረሻው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የጽዳት ሥራው ለቀን ሠራተኞች ወይም በሌላ ተቋራጭ ለተቀጠሩ ሰዎች የሚሰጥ በመሆኑ ስማቸው በፋብሪካው የሥልጠና መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ሆኖም መጥረጊያና አካፋ ይዘው ወደሚሽከረከረው አካል በጣም የሚጠጉት እነርሱ ናቸው። የደመወዝ መዝገቡ በማን እጅ ይሁን በማን፣ ወደ ማሽኑ የሚጠጋ ሁሉ ሠልጣኝ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞች ካሉም ሕጉ አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይመደቡ ስለሚከለክል፣ ምድባቸው ከሥልጠናው በፊት ይጣራ።

ሰዓቱን በተመለከተ ድሬዳዋ የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ በመሆኗ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ማስተማር ሠልጣኙንም አሠልጣኙንም ማሰቃየት ነው። ሥልጠናው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ፣ በትናንሽ ቡድን ቢሰጥ ይሻላል፤ ከስምንትና ከአሥር ሰው በላይ ከሆነ ከኋላ የቆመው የሚጠቆመውን ቦታ አያይም። ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት ማብራሪያ አይሰጥ። የእጅ ርዝመት ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ጩኸቱ ወደ 85 ዴሲቤል ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው፤ በዚያ ውስጥ የተነገረ ነገር ግማሹ አይሰማም፣ የጆሮ መከላከያ እንደሚያስፈልግም ከዚሁ ይታወቃል።

የማታ ተረኞችን በተመለከተ አንድ ጉዳይ ሳይነሳ አይታለፍም። በዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ጫት መቃም የተለመደ ሲሆን፣ እንቅልፍን ለማባረር ሲሉ በሥራ ላይ የሚቅሙም አሉ። ሠራተኛን በዚህ ጉዳይ መገሠጽ የሥልጠናው ዓላማ አይደለም፤ ነገር ግን ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ድካምና የእንቅልፍ እጦት ትኩረትን እንደሚቀንስ በግልጽ መነገር፣ በስጋት ግምገማውም ላይ የሌሊቱ ተራ ከቀኑ ተለይቶ መታየት አለበት። በሌሊት መብራቱ ደካማ፣ ኃላፊው አንድ፣ መካኒኩ ደግሞ ከግቢ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋ ከሁሉ በላይ ነው። በድሬዳዋ አንድ የማምረቻ መስመር ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚናገሩ ሰዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አሠልጣኙ በአማርኛ አስረድቶ «ገብቷችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ በአክብሮት «አዎ» የሚለው ሠራተኛ ምን ያህሉ እንደገባው አይታወቅም። ስለዚህ በየቡድኑ ቋንቋውን የሚችል የሥራ ባልደረባ ያብራራ፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፉት የቻይንኛ ወይም የጣሊያንኛ ጽሑፎችም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋና በሥዕል ይተኩ። ቀዩ ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሰው ገምቶ ማወቅ የለበትም።

ግምገማውን ማሽኑ አጠገብ መሥራት

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው አይ ኤስ ኦ 12100 የሚከተለው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፦ ማሽኑ ለምን ሥራ እንደተሠራና ማን እንዴት እንደሚጠቀምበት መወሰን፣ የአደጋ ምንጮችን መለየት፣ ስጋቱን መገመት፣ ተቀባይነት እንዳለው መመዘን፣ ከዚያም መቀነስ። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ሠልጣኞቹን «አደጋው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም፤ «ኤሌክትሪክ» ወይም «ጥንቃቄ ማጣት» የሚል መልስ ይመጣል። ይልቁንም «ትናንት ይህ ማሽን ስንት ጊዜ ቆመ? ሲቆም ማን ምን አደረገ? እጁን የት አስገባ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሶቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ሥራ ዝርዝር ይጻፉ፤ ማስነሳት፣ ጥሬ ዕቃ መመገብ፣ የተቀረቀረ ማውጣት፣ መጥረግ፣ ግሪስ መቀባት፣ መለካት፣ መቀየር፣ መሞከር። ከዚያ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የሚይዝ፣ የሚጨፈልቅ፣ የሚቆርጥ፣ የሚያቃጥል፣ የሚወድቅ፣ የሚፈናጠር ነገር የት እንዳለ በጣት እየተጠቆመ ይታይ።

ለምሳሌ በሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚያጓጉዝ ኮንቬየር እንውሰድ። በጅራቱ በኩል ቤልቱ ወደ ፑሌጃው (ተጠቅልሎ ወደሚዞርበት ሲሊንደር) የሚገባበት ቦታ አለ። ሥሩ ድንጋይና ዱቄት ስለሚፈስ የጽዳት ሠራተኛው በየተራው በአካፋ ያነሳል፤ የፑሌጃው ኩሽኔታም በየሳምንቱ ግሪስ ይፈልጋል። ቤልቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ አካፋው ወይም እጅጌው የተያዘበት ሰው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 75 ሳንቲ ሜትር ይሳባል፤ ይህ ከአዋቂ ሰው ሙሉ ክንድ ጋር የሚቀራረብ ርዝመት ነው። ሰው አንድን ነገር አይቶ እጁን ለማንሳት ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል እንደሚፈጅበት ሲታሰብ፣ «ስያዝ እለቀዋለሁ» የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ሠልጣኞቹ ራሳቸው ያሰሉታል። ይህን ስሌት መሬት ላይ በኖራ በተሰመረ የ75 ሳንቲ ሜትር መስመር ማሳየት ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ያስተምራል።

አሁን ስጋቱ ይገመት። ብዙ ድርጅቶች የጉዳቱን ክብደትና የመድረስ ዕድሉን ከ1 እስከ 5 ሰጥተው ያባዛሉ። ክንድ መቆረጥ 4፣ በየተራው አጠገቡ ስለሚሠራ ዕድሉ 4 ቢባል ውጤቱ 16 ይሆናል። ቁጥሩ የምርምር ግኝት አይደለም፤ ቡድኑ ተከራክሮ የደረሰበት ግምት ነው፤ ጥቅሙም ክርክሩ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ «እዚህ ማንም ተይዞ አያውቅም» ሲል መካኒኩ «ባለፈው ዓመት ጓንት ተይዞ ለጥቂት ነው የተረፈው» ካለ፣ ግምገማው ሥራውን ጀምሯል።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚሠራ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። መከላከያ ሽፋን ከተገጠመ በኋላ ሁለቱንም ቁጥሮች ዝቅ ማድረግ። ሽፋኑ ሰው ወደ ፑሌጃው እንዳይደርስ ስለሚያደርግ ዕድሉን ወደ 1 ያወርደዋል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ተነስቶ ክንድ ከገባ የሚደርሰው ጉዳት ያው መቆረጥ ነው። ስለዚህ 4 እንደ 4 ይቆያል፣ ውጤቱም 4 ይሆናል። ክብደቱ የሚቀንሰው ጉልበቱ ራሱ ሲቀንስ፣ ለምሳሌ ፍጥነቱ ወይም የአየር ግፊቱ ሲወርድ ነው።

መፍትሔው ከየት ይጀምራል

የመፍትሔዎቹ ቅደም ተከተል በሁሉም አገር አንድ ነው፦ አደጋውን ማስወገድ፣ በሌላ መተካት፣ በሽፋንና በመሣሪያ መለየት፣ በአሠራር ሥርዓትና በምልክት መቆጣጠር፣ በመጨረሻም የግል መከላከያ ማልበስ። በተግባር ግን ብዙዎቻችን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ጓንትና ቆብ መግዛት ከሁሉ ይቀላልና። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ መንገድ ከሌላው ቦታ ፈጥኖ ይከሽፋል፤ በላብ የሚደፈን መነጽርና የሚያቃጥል የጆሮ መሸፈኛ ኃላፊው ዞር ሲል ይወልቃል። ከዚያም በላይ በሚሽከረከር ዘንግ፣ በመሰርሰሪያና በቶርኖ (ሌዝ ማሽን) አጠገብ ጓንት ማድረግ ራሱ አደጋ ነው፤ ባዶ እጅ ሊያመልጥ በሚችልበት ቦታ ጓንቱ ተጠቅልሎ እጁን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሳይነግሩ ለሁሉም ሰው ጓንት ማደል ተገቢ አይደለም።

ወደ ኮንቬየሩ እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ ድንጋዩ ለምን ይፈሳል የሚለው ነው። የጎን ላስቲኩ ከተቀየረና ቤልቱ ከተስተካከለ ጠራጊው ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የግሪሱ ቀዳዳ በቱቦ ከሽፋኑ ውጭ ከወጣ መካኒኩ ሽፋን ሳይነሳ ቆሞ ይቀባል። ሦስተኛ፣ በመፍቻ ካልሆነ የማይፈታ ቋሚ ሽፋን በፑሌጃው ዙሪያ ይገጠማል፤ በኮንቬየሩ ርዝመትም ከየትኛውም ቦታ ሊሳብ የሚችል የማቆሚያ ገመድ ይዘረጋል። ምልክቱና ሥልጠናው የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሽፋኑን የከተማው ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል፤ ይሁንና የቀዳዳውን ስፋትና ከአደጋው ያለውን ርቀት ለብየዳ ባለሙያው መስጠት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። አይ ኤስ ኦ 13857 በተባለው ደረጃ መሠረት 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ክፍተት ካለ ሽፋኑ ከሚሽከረከረው አካል ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የካሬ ፍርግርግ 120 ሚሊ ሜትር ሲበቃው፣ እኩል ስፋት ያለው ረጅም ክፍተት ግን ክንድ ስለሚያሳልፍ 850 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። በየፋብሪካው ጎኖቻቸው ብቻ የተበየዱ ረጃጅም ብረቶች ሽፋን ተብለው ተሰቅለው ይታያሉ፤ ሜትር ይዞ ሄዶ መለካት ለሠልጣኞች ጥሩ የልምምድ ሥራ ነው። በወርክሾፑ ውስጥ ያለው የጠረጴዛ ግራይንደርም እንዲሁ ይለካ፤ የዕቃ ማስደገፊያው ከድንጋዩ ከ3 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ምላስ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም።

መቆለፍ፣ መፈተሽ፣ ከዚያ መንካት

የሥልጠናው እምብርት ይህ ክፍል በመሆኑ፣ ጊዜ ካጠረ ሌላው ይቀነስ እንጂ ይህ አይቀነስ። ማሽኑን በማቆሚያ ቁልፍ ማጥፋት ማሽኑን ከኃይል መለየት አይደለም። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ቁልፍም ቢሆን የመቆጣጠሪያ መስመሩን ያቋርጣል እንጂ ሰው እጁን እንዲያስገባ ዋስትና አይሰጥም፤ የተበላሸ ኮንታክተር (የሞተሩን ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ስዊች) ወይም የሌላ ሰው ጣት ሊያስነሳው ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ጥገናው የሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ይነገራቸው። ማሽኑ በመደበኛው መንገድ ይቁም። ከዚያ ሜን ስዊቹ ይጥፋ፣ የአየርና የሃይድሮሊክ መስመሩም ይዘጋ፤ በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ሥራውን የሚሠራው ሰው የራሱን ጓጉንቸር ያስገባ፣ ስሙና ቀኑ የተጻፈበት ካርድ ያንጠልጥል፣ መክፈቻውንም በኪሱ ይያዝ። ሦስት ሰው ከሠራ ሦስት ጓጉንቸር ይኖራል፤ ለዚህ ብዙ ቀዳዳ ያለው የመቆለፊያ ማያያዣ ርካሽ ነው። አንድ ሰው ለሁሉም ቆልፎ መክፈቻውን ለፎርማኑ መስጠት ፈጽሞ መለመድ የለበትም። ተራ ሲቀየር ገቢው ሳይቆልፍ ወጪው አይክፈት።

ቀጥሎ በማሽኑ ውስጥ የቀረው ኃይል ይውጣ። የተጨመቀ አየር ይተንፍስ፣ የተነሳ ክብደት ወደ ታች ይውረድ ወይም በብረት ይደገፍ፣ የተወጠረ ሞላ ይላላ፣ የጋለው ይቀዝቅዝ። የጥጥ ማበጠሪያው ትልቁ ሲሊንደር ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም በራሱ ክብደት ለደቂቃዎች ይሽከረከራል፤ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ደግሞ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ ገዳይ ቮልቴጅ ለደቂቃዎች ይዞ ስለሚቆይ በላዩ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ይከበር። በመጨረሻ የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱ ይፈተሽ፣ ቁልፉም ወደ ማጥፊያው ይመለስ። ኤሌክትሪሻኑ የመለኪያ መሣሪያውን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ መስመር ላይ፣ ቀጥሎ በተቆለፈው ላይ፣ ከዚያም እንደገና በመጀመሪያው ላይ ይሞክረው፤ የሞተ መለኪያ ሁሉንም መስመር የሞተ ያስመስላልና።

ለእኛ አገር የተለየ ትኩረት የሚሻው መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ሠራተኛውም «እስኪመጣ እናጽዳ» ብሎ ወደ ማሽኑ ይገባል። ጄነሬተሩ ሲነሳ ወይም መስመሩ ሲመለስ፣ ከኃይል መቋረጥ በኋላ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ መከላከያ የሌለው ማሽን ሰው በውስጡ እያለ ይነሳል። ይህ ከየትኛውም አገር በተቀዳ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ ብዙ ቦታ አይሰጠውም፤ እዚህ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ሊነገር ይገባል። ለመፈተሽም ቀላል ነው፤ ማንም በአጠገቡ በሌለበት፣ ማሽኑ ባዶውን እየሠራ፣ ኤሌክትሪሻኑ ሜን ስዊቹን አጥፍቶ ያብራ። ማሽኑ በራሱ ከተነሳ ኤሌክትሪሻኑ የማስነሻ መስመሩን እስኪያስተካክል ከሥራ ይውጣ። የአደጋ ጊዜ ቁልፉም ተመልሶ ሲለቀቅ ብቻውን ማሽኑን ማስነሳት የለበትም፤ ለመነሳት ሌላ ቁልፍ መጫን ግድ መሆን አለበት።

መማሩን ማረጋገጥ

የተሳታፊዎች ፊርማ የተሰበሰበበት ወረቀት ሰው መምጣቱን እንጂ መቻሉን አያሳይም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በራሱ ማሽን ላይ ሦስት ነገር ሠርቶ ያሳይ፦ ዓይኑ ማሽኑ ላይ እያለ በየት በኩል ዘርግቶ የአደጋ ጊዜ ቁልፉን እንደሚያገኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚቆልፍና እንደሚፈትሽ፣ ለማን ምን ብሎ ጉድለት እንደሚያሳውቅ። አሠልጣኙ ሆን ብሎ አንድ የአየር መስመር ሳይዘጋ ትቶ ሠልጣኙ ያገኘው እንደሆነ ቢፈትን፣ የቃል ጥያቄ የማይገልጠውን ብዙ ነገር ያያል። ለዚህ ፈተና ግን ግፊቱ የወረደና ምንም ነገር የማያንቀሳቅስ መስመር ይመረጥ።

ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች መመዝገቢያ ደብተር በየአዳራሹ ይቀመጥ፤ በቃል የተነገረም በፎርማኑ ይጻፍ። ደብተሩ በሁለት ወር ውስጥ ባዶ ከሆነ ፋብሪካው ሰላም ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ሰዎች የተናገሩት ለቅጣት እንዳይውል መፍራታቸውን ነው የሚያሳየው። የተነሳ ሽፋን የተናገረ ሠራተኛ ሽፋኑን ያነሳው ማን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ለምን እንደተነሳ ይጠየቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ሥራውን ስለሚያጓትት ነው፣ ያ ደግሞ የሽፋኑ ንድፍ ችግር ነው።

ግምገማው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። አደጋ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ሲኖር፣ ማሽኑ ሲዛወር፣ ፍጥነቱ ሲጨመር፣ ጥሬ ዕቃው ሲለወጥ፣ የተራ አደረጃጀቱ ሲቀየር እንደገና ይከፈት። ያገለገለ ማሽን ከውጭ ሲገባ ሽፋኖቹ በመንገድ ላይ ተፈተው ቀርተው፣ የማዘዣ ሳጥኑም በማይታወቅ ቋንቋ ተጽፎ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ግምገማው ተከላው ከመጀመሩ በፊት ይሠራ፣ ሜን ስዊቹም ኦፕሬተሩ ከቆመበት ቦታ በሚታይና ጓጉንቸር በሚያስገባ መልኩ እንዲገጠም ለተከላው ተቋራጭ በጽሑፍ ይሰጠው።